ሰማዩ ጠርቶ የሚመጣ ጎርፍ፦ የድሬዳዋ ቤቶች ዝግጅት

ድሬዳዋ ጎርፍ እንዲመጣባት የግድ ድሬዳዋ ላይ መዝነብ የለበትም። ከተማዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በስተደቡብ፣ በደንገጎ በኩል ያለው ደጋ ግን 2,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ የጣለው ዝናብ ቁልቁል ተንደርድሮ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ደቻቱ ደግሞ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ከዚራና መጋላ የሚባሉትን የከተማዋን ሰፈሮች የሚለየው እሱ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል። ወንዝ መሆኑ ቢረሳ አይገርምም።

እሑድ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል፣ ሰው በተኛበት ደቻቱ ሞልቶ መንደር ውስጥ ገባ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ያም ሆኖ ሚያዝያ 2012 ሌላ ጎርፍ ሕይወት ቀጥፏል። ስለዚህ ስጋቱ የክረምት ብቻ አይደለም፤ በልግም አለበት።

ወንዝ ዳር ለሚኖር ቤተሰብ ትልቁ ጥያቄ «ሌሊት ማን ይቀሰቅሰናል?» የሚለው ነው። በዝናብ ወቅት ስልክን ድምፅ አጥፍቶ መተኛት ጥሩ አይደለም። ደጋው ላይ ዘመድ ያለው ሰው «ሲጥል ደውልልኝ» ቢለው ይጠቅመዋል። የሚወጣበት ከፍ ያለ ቦታ፣ አያትን ማን እንደሚደግፍ፣ ሕፃኑን ማን እንደሚያቅፍ ቀድሞ ይወሰን። የቤት ካርታ፣ መታወቂያና የልደት ካርድ በድርብ ፌስታል ታስረው በር አጠገብ ከፍ ብለው ይሰቀሉ። ቀድሞ የሚርሰው ፍራሽ ሥር የተደበቀ ወረቀት ነው። እየሮጠ ያለ ውሃ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ካለፈ አዋቂን ይጥላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ መኪና ይወስዳል። ባጃጅማ አይነሳ! የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ከጎርፉ በኋላ የሚጠፋው፣ የሚገርመው፣ ውሃ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ቢታሰብ፣ አምስት ሰው ላለበት ቤት የሦስት ቀኑ 60 ሊትር ይሆናል፤ ሦስት ባለ 20 ጀሪካን ማለት ነው። ለድሬዎች ውሃ ማጠራቀም አዲስ ነገር አይደለም፣ ሮቶውም በርሜሉም አለ። ችግሩ ክዳኑ ላይ ነው። በ2011 ማብቂያ ከተማዋን ያዳረሰው የቺኩንጉንያ በሽታ የሚተላለፈው በንጹሕ የቆመ ውሃ ውስጥ በምትራባ ትንኝ ነው። የምትነክሰው ቀን ቀን ስለሆነ የአልጋ አጎበር ብቻ አያስጥልም። እንቁላሏም በርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ወራት ይቆያል። ውሃውን መድፋት አይበቃም፤ በሳምንት አንዴ በብሩሽ መፈግፈግና ገጥሞ መክደን ያስፈልጋል። በጎርፍ የተበከለ ውሃ ተፈልቶ ወይም ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ተጨምሮበት ይጠጣል።

ስንቁ ቀላል ነው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ቴምር፤ ባትሪና የሚወሰድ መድኃኒት ካለ እሱም።

እድርና እንደ እድር ያለው መረዳጃ ማኅበር አፎቻ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት ናቸው። ብቻውን የሚኖረውን፣ አልጋ የያዘውን ያውቃሉ፤ ድንኳንና ትልልቅ ድስት አላቸው። የዕቃ ግምጃ ቤታቸው ወንዙ ዳር ከሆነ ግን፣ ያ ሁሉ ንብረት ከሰዉ ቀድሞ ስለሚሄድ፣ በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ ቦታውን የመቀየር ጉዳይ ይነሳ።