ሐራራና ምርቃና፦ ሱስ አንጎልን እንዴት ይለውጠዋል?

ጫት የሚቅም ሰው ሁለት ቃላትን አያምታታም። ምርቃና ቅጠሉ ሠርቶ ጨዋታው ሲደራ፣ ሐሳብ በሐሳብ ላይ ሲነባበር የሚመጣው ነው፤ ሐራራ ደግሞ ቅጠሉ በሌለበት ሰዓት የሚቆነጥጠው ፍላጎት ነው። ይህ ልዩነት ለመርካቶና ለፒያሳ ቃሚዎች የአደባባይ እውቀት ሆኖ ሳለ፣ የአንጎል ሳይንስ ግን እዚያ ለመድረስ ረጅም መንገድ ዞሯል።

እ.ኤ.አ. በ1954 ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ ተከሉ። አይጦቹ አንዲት ማንሻ በተጫኑ ቁጥር አንጎላቸው በኤሌክትሪክ ይነካል፤ ደጋግመው፣ ሳይታክቱ ተጫኑ። የደስታ ማዕከል ተገኘ ተባለ። በኋላም በዚያ የአንጎል መሥመር የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ንጥረ ነገር፣ ዶፓሚን፣ «የደስታ ኬሚካል» የሚል ስም ወጣለት። ስሙ እስከ ዛሬ በየመጽሔቱ አለ፤ አሳሳች ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የአንጎል ተመራማሪው ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ የዶፓሚን መሥመራቸው የጠፋ አይጦችን አጠኑ። ስኳር አፋቸው ውስጥ ሲገባ ከንፈራቸውን እየላሱ ያጣጥማሉ፤ ምግቡ አጠገባቸው ቢቀመጥ ግን ተነስተው አይበሉም። ጣዕሙ አልጠፋም፤ የጠፋው ፍላጎቱ ነው። በእኛ አነጋገር፣ ዶፓሚን ከምርቃናው ይልቅ ወደ ሐራራው ያደላል።

ጫት ውስጥ ይህን መሥመር የሚነካው እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ የተለየው ካቲኖን ነው። አሠራሩ አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ መድኃኒት ዘመድ ሲሆን ጉልበቱ ያንሳል፤ የነርቭ ሕዋሳት ያጠራቀሙትን ዶፓሚን እንዲለቁ ያደርጋል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ግን ካቲኖን በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። የጫት መኪና ሹፌር በየመንገዱ የሚከንፈው፣ እስሩም በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ውሃ የሚረጨው ለዚህ ነው። ነጋዴው ኬሚስትሪ አልተማረም፤ የደረቀ ጫት እንደማይመረቅን ግን ያውቃል።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ አንድ ጫት ቤት ደጃፍ ቆመው ይመልከቱ። የወንዶ፣ የበለጬ ወይም የባሕር ዳር እስር ሲደርስ ሻጩ ኮባውን ይገልጣል፤ እርጥብ ሽታው ይወጣል። የሚጠብቁት ሰዎች ገና አንድ ቅጠል ሳይቀምሱ ፊታቸው ይፈታል፣ ወሬያቸው ይፈጥናል። የአንጎል ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልዝ ጭማቂ እየሸለመ ባጠናቸው ጦጣዎች ላይ ያየውም ይኸው ነው። የዶፓሚን ሕዋሳት መጀመሪያ ጭማቂው ሲመጣ ይቀሰቀሱ ነበር፤ ጦጣዋ ከተማረች በኋላ ግን ጭማቂውን ቀድሞ በሚመጣው ምልክት ይቀሰቀሳሉ። አንጎል ሰዓቱን፣ ደጃፉን፣ የጓደኛውን ድምፅ፣ ኦቾሎኒውን ሳይቀር ይማራል። ሱስ ከምንም በላይ ትምህርት ነው ብል አላጋንንም፤ ችግሩ በጣም ጥሩ ትምህርት መሆኑ ነው።

እየቆየ ሚዛኑ ይዛባል። በኮኬይን፣ በሜታምፌታሚንና በአልኮል ሱሰኞች ላይ የተደረጉ የአንጎል ምስል ጥናቶች ዶፓሚንን የሚቀበሉት አንዳንድ የሕዋስ ክፍሎች (ተቀባዮች) መቀነሳቸውን፣ ከግንባር ጀርባ ያለው «ቆይ፣ አስብ» የሚለው ክፍልም መዳከሙን አሳይተዋል። ትናንት ያስደሰተው መጠን ዛሬ አይበቃም፤ የቤተሰብ ጨዋታ፣ ምግብ፣ ሥራ ይፈዛሉ። ምርቃናው ይሳሳል፤ ሐራራው ይወፍራል።

የአዲስ አበባ መሐል ከዚህ ላይ የራሱን ቋጠሮ ጨምሮበታል፤ ጨብሲን። ሲቅም የዋለ ሰው ማምሻውን እንቅልፍ አልወስድ ስለሚለው ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ወይም አረቄ ይጠጣል። አልኮል አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚያግዝ ለጊዜው ይሠራል። እንቅልፉ ግን የተቆራረጠ ነው፤ ጠዋት በድካም የነቃው ሰው ቡናውንና ጫቱን ይፈልጋል። አንዱን ሱስ ለማብረድ የገባው ሁለተኛ ሱስ ራሱን ችሎ ይቆማል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ጫት በድንገት ያቆመ ሰው ድብርትና ቃሚዎች ዱካክ የሚሉት አስጨናቂ ቅዠት ይገጥመዋል። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው ግን ያለ ሐኪም በአንድ ቀን ቢያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና ሕይወትን የሚያሰጋ መቃዠት ሊመጣበት ይችላል።

የግንባሩ ክፍል ተሟልቶ የሚበስለው ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮልና ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ መከልከሉ ከዚህ አንጻር ልክ ነው። ጫት ቤት ደጃፍ ግን ዕድሜ ሲጠየቅ አይቼ አላውቅም።

የተለወጠ አንጎል ይመለሳል፤ ቀስ ብሎ። ሜታምፌታሚን ያቆሙ ሰዎች ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆዩ የዶፓሚን መሥመራቸው ጉልህ መሻሻል አሳይቷል። የጫትን ሐራራ የሚያጠፋ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው ምክር፣ እንቅልፍን ማስተካከልና ድብርቱን ማከም ነው። በከተማው አንጋፋው የአእምሮ ሕክምና ተቋም፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል፣ ስሙ በሰው አፍ እንደ ስድብ ስለሚነገር ብዙዎች በሩን ይሸሻሉ። የሚመጡትም ቢሆኑ ሐኪሙ ከሚሰጣቸው ምክር አንዱን ለመፈጸም ይቸገራሉ፦ ጫት ቤት ባለበት መንገድ አትሂድ። ሆስፒታሉ ከመርካቶ አጠገብ ነው።