ድራይላንድ ምንድን ነው? ሆኪ ተጫዋች ከበረዶ ውጪ የሚሰራው ነገር

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከካናዳ፣ ከካልጋሪ መጥቶ ሀዋሳ እኛ ጋ ነበር የከረመው፣ 14 ዓመቱ ነው፣ አይስ ሆኪ ይጫወታል። ሻንጣው ውስጥ አሰልጣኙ የሰጠው ወረቀት አለ፣ አናቱ ላይ «ድራይላንድ» ይላል። አባቴ ይሄ ደሞ ምንድን ነው ሲለው «አባባ፣ አይስ የሌለው ትሬኒንግ» አለ በዛ በተሰባበረ አማርኛው። «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ጠዋት ተነስተህ ታቦር ተራራን ሮጠህ ውጣ» ብሎ አባቴ ዘጋው። ያው እኛ ጋ ኮንዲሽን ማለት ሩጫ ነው አይደል። ሀዋሳ ላይ በረዶ ያለው ደሞ ጁስ ቤት ብርጭቆ ውስጥ ብቻ ነው።

ቃሉ ደረቅ መሬት ማለት ነው፣ ሆኪ ተጫዋቾች ከበረዶው ወርደው የሚሰሩት የጉልበት የፍጥነትና የትንፋሽ ልምምድ በሙሉ በዚህ ስም ይጠራል። ስኳት፣ ዴድሊፍት ምናምን አለው፣ እሱን ጂም የገባ ሁሉ ያውቀዋል። የሚለየው አቅጣጫው ነው። ስትሮጥ እግርህ መሬቱን ወደ ኋላ ነው የሚገፋው፣ በስኬት ጫማ ግን ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ብትገፋ ብረቱ ዝም ብሎ ይሸሻል፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ምላጭ ነው፣ በረዶውን ነክሶ የሚይዘው በጎን ስትገፋው ነው። ስለዚህ ሸክሙ ዳሌና የውስጥ ጭን ላይ ይወድቃል፣ ሆኪ ተጫዋች ብሽሽቴን እያለ የሚያነክሰውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ) ተጫዋቾች ጥናት የውስጥ ጭኑ ጥንካሬ ከውጪው ጥንካሬ 80 በመቶ በታች የሆነ ተጫዋች ብሽሽቱ የመጎዳት ዕድሉ 17 እጥፍ ነው ብሏል። 17!

ለዚህ የሚሰራው ኮፐንሀገን ፕላንክ ይባላል፣ በጎንህ ትሆንና የላይኛውን እግር ወንበር ላይ አድርገህ በሱ የውስጥ ጭን ብቻ ሰውነትህን ታነሳለህ፣ የታችኛው እግር ተንጠልጥሎ ይቀራል። ልጁ ሲሰራው ቀላል ይመስላል። እኔ አልጋ ጠርዝ ላይ ሞከርኩትና 8 ሰከንድ አልሞላሁም፣ በነጋታው ባጃጅ ውስጥ ለመግባት እግሬን በእጄ አንስቼ ነው ያስገባሁት።

ስላይድ ቦርድ የሚባልም አለ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ማቆሚያ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፣ በካልሲ ሆነህ ከዳር ዳር በጎን እየገፋህ ትንሸራተታለህ። ከየት ይምጣ? የሳሎናችን ሴራሚክ አለ፣ ልጁ የሱፍ ካልሲውን አጥልቆ የቡፌውን እግር እየገፋ ጀመረ፣ ብርጭቆዎቹ መንጫጫት ሲጀምሩ እናቴ ከጓዳ «ቡፌዬን!» ብላ መጣች፣ ከዛ በኋላ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሆነ።

አባቴን ያልገባው ደሞ ሰዓቱ ነው። የሆኪ ጨዋታ 20 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ነው ግን ተጫዋቹ ሜዳ ላይ በአንዴ የሚቆየው 45 ሰከንድ አካባቢ ነው፣ ያለ የሌለውን አውጥቶ ይወርድና ሌላው ይገባል። አንድ ሰዓት ዝግ ብሎ መሮጥ ይሄን አያስተምርም (በእረፍቱ ቶሎ ትንፋሽ ለመመለስ ግን ይጠቅማል፣ አልክድም)። ወረቀቱ ላይ 45 ሰከንድ ሙሉ ፍጥነት፣ 2 ደቂቃ እረፍት፣ 8 ጊዜ ይላል። ታቦር ስር አንድ አቀበት መርጠን አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰዓት ይይዛል፣ «ይሄ ልጅ ከሮጠው ያረፈው ይበልጣል» ይላል። አምስተኛው ላይ ልጁ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ ሲል ዝም አለ። ካልጋሪ ከባህር ወለል በላይ 1,045 ሜትር ነው እኛ 1,700 አካባቢ ነን፣ አየሩም አላገዘውም።

በረዶ ማጣት አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሶቭየቶች ሆኪን እ.ኤ.አ. በ1946 ሲጀምሩ ሰው ሰራሽ በረዶ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል፣ አሰልጣኙ አናቶሊ ታራሶቭ ተጫዋቾቹን ደረቅ መሬት ላይ ክብደት ያስነሳቸዋል ያዘልላቸዋል እግር ኳስ ያጫውታቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሶቭየቶቹ ከካናዳ ፕሮፌሽናሎች ጋር ስምንት ተከታታይ ጨዋታ ገጥመው የመጀመሪያውን ሞንትሪያል ላይ 7 ለ 3 አሸነፉ፣ ካናዳዎቹ ያኔ ውድድር የሌለበትን ክረምት አርፈው የዝግጅት ካምፕ ሲገቡ ነበር ኮንዲሽናቸውን የሚሰሩት። ተከታታዩን ግን በመጨረሻ ካናዳ ወስዳዋለች፣ 4 አሸንፋ 3 ተሸንፋ በአንድ አቻ።

አስፋልት ላይ ሮለር የምትነዱ ልጆች ለናንተም ይሆናል፣ ግፊቱ ያው በጎን ነው። ኮፐንሀገኑን ስትጀምሩ ግን ወንበሩ ላይ ቁርጭምጭሚታችሁን ሳይሆን ጉልበታችሁን አድርጉ፣ እንደሱ በጣም ይቀላል፣ ልጁ ይሄን የነገረኝ ከባጃጁ በኋላ ነው።