የቲሹ ካልቸር ችግኝ «ጂኑ የተነካ» ነው?

ጥያቄው ስለተደጋገመ ባጭሩ ላስረዳ። አይደለም። ቲሹ ካልቸር ከተክል ትንሽ ቁራጭ በላብራቶሪ ችግኝ የማባዣ ዘዴ እንጂ የዘረመል መቀየሪያ አይደለም።

ለመድኃኒትም የሚፈለገውን ሮማን እንውሰድ። ከአንድ ጥሩ ቁጥቋጦ አንጓ ያለው ትንሽ ቁራጭ ይቆረጣል። ከጀርም ይጸዳና ስኳር፣ ማዕድንና ሆርሞን ባለው ጄል ላይ ይቀመጣል። ሳይቶካይኒን የተባለው ሆርሞን ሲያመዝን ቀንበጥ፣ ኦክሲን የተባለው ሲያመዝን ሥር ይወጣል። ተመራማሪዎቹ ስኩግና ሚለር ይህን በትምባሆ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው።

ችግኞቹ የእናታቸውን ቁጥቋጦ ዘረመል ይዘው ይወጣሉ። ከዘር ቢበቅሉ ግን እናታቸውን መምሰላቸው የዕድል ጉዳይ ነው።

የሆርሞኑ መጠን እንደ ዝርያው ይለያያል፤ ለሁሉም የሚሆን ቀመር አትፈልጉ። አልፎ አልፎም ከእናቱ የተለየ ችግኝ ብቅ ይላል። የፍሬው መድኃኒታዊ ይዘት ደግሞ በአፈርና በአየር ጠባይም ይወሰናል፤ ስለዚህ «ከላብራቶሪ የመጣ ነው» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።