የፓሪሱ ስምምነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአየር ንብረት ለውጥ በተነሳ ቁጥር «ታላላቆቹ አገሮች ተሰብስበው ያወራሉ እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም» የሚል ሰው አይጠፋም። ቁጣው ይገባኛል፤ ዝናብ ሲቀር ቀድሞ የሚራበው ብክለቱን ያመጣው አይደለም። ይሁን እንጂ ቁጣችን ዒላማውን እንዳይስት፣ አገሮች የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት ፓሪስ ላይ ስለተስማሙበት ውል እውነቱን ከስህተቱ መለየት ያስፈልጋል። (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

«የፓሪሱ ስምምነት ያስገድዳል፤ ያልፈጸመ አገር ይቀጣል።»

አይቀጣም። ምን ያህል ብክለት እንደሚቀንስ የሚወስነው እያንዳንዱ አገር ራሱ ነው፤ ግዴታው በየአምስት ዓመቱ ዕቅድ ማቅረብና የደረሰበትን ማሳወቅ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ዲሴምበር 12 ቀን 2015 ጽሑፉ ሊጸድቅ ሰዓታት ሲቀሩት አንዲት ቃል የአሜሪካን ልዑካን አስደነገጠች። ያደጉት አገሮች ብክለትን በመቀነስ ግንባር ቀደም ሆነው መቀጠል «አለባቸው» ይል ነበር፤ እነርሱ የሚያውቁት ግን «ይገባቸዋል» የሚለውን ነው። «አለባቸው» ከሆነ ሕጋዊ ግዴታ ስለሚሆን ጉዳዩ ወደ አሜሪካ ሴኔት ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ይወድቃል። ቃሏ እንደ ጽሑፍ ግድፈት ተቆጥራ ወደ «ይገባቸዋል» ተቀየረች፤ ከጥቃቅን እርማቶች ጋርም ተነበበች። ብዙም ሳይቆይ ጉባኤውን የመሩት ሎራን ፋቢዩስ አረንጓዴዋን መዶሻ መትተው ስምምነቱ መጽደቁን አበሰሩ። ስምምነቱ የቆመው በዚያች መላላት ነው፤ ድክመቱም እዚያው ነው።

«አሜሪካ ከወጣች ነገሩ አበቃለት» የሚለውም ልክ አይደለም። በ2020 ስትወጣ የተከተላት አገር አልነበረም፤ በ2021 ተመለሰች፤ በ2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ዳግም እንድትወጣ አዘዙ። በታሪክ ከማንም በላይ ካርቦን የለቀቀች አገር ናትና ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

«ቻይና ከመበከል በቀር የሠራችው የለም።»

ከዓለም ቀዳሚ በካይ መሆኗ እውነት ነው፤ የድንጋይ ከሰልም ታነዳለች። ነገር ግን ጀርመን በ2000 ባወጣችው ሕግ፣ ከፀሐይ ኃይል ለሚያመነጭ ሁሉ ለ20 ዓመት የተቆረጠ ዋጋ እንዲከፈለው ወሰነች። ጀርመናውያን በውድ ገዙ፤ የቻይና ፋብሪካዎች ለዚያ ገበያ ብለው ተስፋፉ፤ ከ2010 በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት የፀሐይ ሰሌዳ ዋጋ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ። መብራት ባልገባበት ገጠር በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተቀምጣ ማታ አንድ አምፖል የምታበራው፣ ሞባይል የምትሞላው ሰሌዳ የመጣችው በዚህ መንገድ ነው። የአንዱ ሕግና የሌላው ፋብሪካ ተደጋግፈው ያፈሩት ይህ ውጤት ለእኔ ከብዙ የመሪዎች መግለጫ ይበልጣል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የመጨረሻው ነው፦ «ሀብታሞቹ አገሮች ለአየር ንብረት ብለው ለድሆቹ ይለግሳሉ።»

በ2009 ኮፐንሃገን በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ የአፍሪካን ተደራዳሪዎች የመሩት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ። እዚያ ሀብታሞቹ አገሮች የገቡት ቃል በ2020 ለድሆቹ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ወደ ማሰባሰብ መድረስ ነበር። የተሟላው ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ2022 ነው። ከመንግሥታት ከመጣው ገንዘብ አብዛኛው ደግሞ ብድር ነው። ከዓለም የካርቦን ልቀት አራት በመቶ እንኳ ድርሻ የሌላት አፍሪካ፣ ድርቅና ጎርፍ ያደረሱባትን ጉዳት ለመቋቋም ተበድራ ትከፍላለች። ይህን ልግስና ብሎ መጥራት ቃሉን ማርከስ ነው። በ2024 በአዘርባጃን ዋና ከተማ ባኩ ላይ ቃሉ በዓመት ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር ከፍ ብሏል፤ ቀነ ገደቡ 2035 ነው። የ2027ቱን የአየር ንብረት ጉባኤ የምታስተናግደው አዲስ አበባ ናት፤ ከዚያ ገንዘብ ስንቱ ብድር፣ ስንቱ እርዳታ እንደሆነ ተደራዳሪዎቹን በደጃችን እንጠይቃቸዋለን።