የሮማንያ የቤት ገበያ፦ ተከራይ ብርቅ የሆነበት አገር

ሮማንያ ውስጥ ከአሥር ሰው ዘጠኙ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ የሚኖረው በራሱ ወይም በቤተሰቡ ቤት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ቢሮ ቁጥሩን 95 በመቶ ገደማ ያደርሰዋል። ሀብታሟ ጀርመን ግማሽ ያህል ሕዝቧ ተከራይ ነው። ሮማንያውያን በብዙ ሰንጠረዥ ላይ ከታች ቢቀመጡም በዚህኛው ማንም አይደርስባቸውም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1950 ኮሚኒስቶቹ በአዋጅ ቁጥር 92 የከተማ ቤቶችን ወረሱ። አዋጁ ሠራተኛን፣ ጡረተኛንና አነስተኛ የእጅ ባለሙያን አልነካም ይላል። በተግባር ግን የብዙዎቹ ቤት አብሮ ሄደ። ከዚያ የብሎክ ዘመን መጣ፤ ቡካሬስት ውስጥ ድሩሙል ታበሬይ፣ ቲታን፣ ቤርቼኒ የመሳሰሉ ሰፈሮች በተገጣጣሚ ሕንፃ ተሞሉ። ማርች 4 ቀን 1977 የመሬት መንቀጥቀጥ ከ1,500 በላይ ሰው ገደለ፣ አብዛኛውን እዚያው ቡካሬስት ውስጥ። የአገሪቱ ኮሚኒስት መሪ ቻውሼስኩ በ1980ዎቹ ቡካሬስት ውስጥ የኡራኑስን ሰፈር አፍርሶ «የሕዝብ ቤት» የተባለውን ግዙፍ ቤተ መንግሥት አሠራ።

የዛሬው ገበያ የተወለደው ግን ኮሚኒስቶቹን ከጣለው ከ1989ኙ አብዮት በኋላ ነው። በ1990 እና በ1992 የወጡ ሕጎች የመንግሥት አፓርታማ ተከራይ የሚኖርበትን ቤት እንዲገዛ ፈቀዱ። ዋጋውን የቆረጠው መንግሥት ነው፣ ዝቅ አድርጎ። በረጅም ጊዜ ክፍያም ይሸጥ ነበር። ከዚያ ንረቱ መጣ፤ በ1993 ብቻ ከ250 በመቶ አልፏል፣ ደሞዝ በሌይ (በአገሪቱ ገንዘብ) ቁጥሩ ሲያብጥ የቤቱ ዕዳ ግን ባለበት ቆሞ ቀለጠ። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሁሉ ቤቱን በርካሽ ግዛ ቢባል ብላችሁ አስቡት። የሕዝብን ንብረት በነፃ መበተን ነበር የሚሉ ኢኮኖሚስቶች አሉ። እኔ በበኩሌ ያን የችግር አሥርት ዓመት ስንት ቤተሰብ ጎዳና ሳይወድቅ ያለፈው በዚህ ነው ባይ ነኝ።

የተወረሱት አሮጌ ቤቶች ጉዳይ ግን እንዲህ አልቀለለም። የ1995ቱ ሕግ ቁጥር 112 በእነዚህ ቤቶች ለሚኖሩ ተከራዮች ጭምር የመግዛት መብት ሰጠ፣ የቀድሞው ባለቤት ቤቱን በዓይነት የሚያገኘው ራሱ ተከራይ ሆኖ እዚያው ካለ ወይም ቤቱ ባዶ ከሆነ ብቻ ነበር። በ2001 ሌላ ሕግ መጣና መመለስ ይቅደም አለ። እንግዲህ አንድ ቤት ሁለት ባለቤት አለው፤ አንዱ የ1940ዎቹን ሰነድ ይዟል፣ ሌላው ከመንግሥት በሕጋዊ መንገድ ገዝቷል። ማን ትክክል ነው? ፍርድ ቤቶቹም አልተስማሙም። የአውሮፓ ሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2010 መንግሥትን አሠራርህን አስተካክል አለው፣ በ2013 ደግሞ ካሳ በነጥብ የሚሰላበት ሕግ ወጣ። ቱሪስት የድራኩላ ቤት ብሎ የሚጎርፍበት የብራን ግንብ ሳይቀር በ2006 ለቀድሞው የኦስትሪያ ንጉሣዊ ቤተሰብ፣ ለሀብስበርግ ወራሾች ተመልሷል።

በ2007 አገሪቱ ኅብረቱን ስትቀላቀል ብድር ረከሰ፣ ዋጋ ጣራ ነካ። በ2008 ሁሉም ተናደ። በስዊስ ፍራንክ የተበደሩት በጃንዋሪ 2015 ፍራንኩ በአንድ ቀን ሲተኮስ ዳግም ተመቱ። መንግሥት በ2009 «ፕሪማ ካሳ» (የመጀመሪያ ቤት) የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ፦ 5 በመቶ ታስይዛለህ፣ ቀሪውን ባንኩ በመንግሥት ዋስትና ያበድርሃል። ለአሮጌ ቤት የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን 60,000 ዩሮ ስለነበር ብዙ ሻጭ ዋጋውን እዚያው ቁጥር ላይ ተከለ ይባላል። ፕሮግራሙ ገበያውን አዳነ ወይስ ዋጋ እንዳይወርድ ደገፈ የሚለው ዛሬም ያጨቃጭቃል፤ ሁለቱም ይመስለኛል።

ዛሬ ዋጋ በዩሮ ይጠራል፣ ክፍያው በሌይ ነው። ውዷ ከተማ ቡካሬስት ሳትሆን የዩኒቨርሲቲና የሶፍትዌር ከተማዋ ክሉዥ ናት። ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቤቱ «ደኮማንዳት» ነው ወይ ብሎ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ወደ ኮሪደር ይከፈታል ማለት ነው። ቀጥሎ በሩ ላይ ቀይ ክብ ምልክት መኖሩን ያያል። ምልክቱ ሕንፃው በመሬት መንቀጥቀጥ ሊፈርስ ይችላል የተባለ መሆኑን ያሳያል፣ ብዙ ባንክም አያበድርበትም። እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች ከተማው መሃል፣ ማጌሩ ጎዳና ላይ ሳይቀር አሉ። የሽያጭ ውል ያለ ኖተር (ውል አረጋጋጭ) አይጸናም።

ባለቤትነቱ የሚያኮራውን ያህል ቤቶቹ ጠባብ ናቸው። የተጨናነቀ ቤት ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ድርሻ ከኅብረቱ ከፍተኛዎቹ አንዱ ነው፤ ወጣቱ ወላጆቹ ጋ ይከርማል፣ ኪራይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቃል ውል ነው። ይባስ ብሎ ከኦገስት 2025 ጀምሮ በአንዳንድ አዲስ ቤቶች ላይ የነበረው የ9 በመቶ ቅናሽ ቫት ተነስቶ 21 በመቶ ሆኗል። ከዚያ በፊት ቅድመ ውል ለፈረሙት ብቻ የቀድሞው 9 በመቶ እስከ ጁላይ 2026 መጨረሻ ተፈቅዶላቸው ነበር።