ሥነ መዝገበ ቃላት ምንድን ነው?

ሥነ መዝገበ ቃላት የአንድን ቋንቋ ቃላት ከንግግርና ከጽሑፍ ለቅሞ፣ በተራ ደርድሮ፣ ፍቺያቸውንና አገባባቸውን የማስረዳት ሙያ ነው። ብዙ ሰው የሙያው ድካም ፍቺ መጻፉ ላይ ይመስለዋል፤ በአማርኛ ግን ቃሉ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ይቀድማል።

ጅማ ውስጥ አንድ የቡና ነጋዴ «ይህ ገና አልተፈለፈለም» ቢል፣ አዘጋጁ የሰማውን በ«አ» ሥር አይመዘግበውም፤ የአሉታውን «አል» እና «ም»፣ ቀጥሎም የተደራጊነቱን «ተ» አንሥቶ «ፈለፈለ» ከሚለው ግሥ ያደርሰዋል። በዚህ ግሥ ሥር ደግሞ ሌላ ውሳኔ ይጠብቀዋል፤ ቡናም በቆሎም ይፈለፈላል፣ ጫጩት ከእንቁላል ይፈለፈላል፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም ከአለት የተፈለፈሉ ይባላሉ። እነዚህ የአንድ ቃል ልዩ ልዩ ፍቺዎች ናቸው ወይስ ተለያይተው መቆም ያለባቸው ቃላት? በእኔ እምነት ከውስጥ ማውጣት የሚለው ሐሳብ ሦስቱንም ስለሚያያይዛቸው፣ በአንድ መሪ ቃል (ፍቺ በሚሰጥበት፣ በተራ በተደረደረው ቃል) ሥር ተቆጥረው ለየፍቺው ምሳሌ ዐረፍተ ነገር ቢሰጥ ይሻላል።

ሁሉም ግሥ እንዲህ አይገራም። «ተቀመጠ» ከሚለው «ተ»ን ብናነሣ የሚቀረው «ቀመጠ» በንግግር የለም፤ ስለዚህ አንዱ አዘጋጅ በ«ቀ»፣ ሌላው በ«ተ» ሊያሰፍረው ይችላል። የፊደል ተራውም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት የሚሄደው በ«አበገደ» ተራ ነው፣ በ«ሀለሐመ» ያደገ አንባቢም መጀመሪያ ግር ይለዋል። ያንን ሥራ የጀመሩት መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ሲሆኑ፣ ለኅትመት ያበቁት ደግሞ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው፤ የሙያውን ርዝመት ከዚህ መገመት ይቻላል።

ፊደላችን የማይነግረን መጥበቅና መላላትም አለ። የልደት በዓሉ «ገና» እና «ገና አልመጣም» የምንለው «ገና» በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ መዝገበ ቃላቱ የጠበቀውን ፊደል በምልክት ካላሳየ፣ ቋንቋውን አዲስ የሚማር ሰው አነባበባቸውን ከገጹ ሊያውቅ አይችልም።

የሙያ ቃላት ደግሞ ከጠረጴዛ ላይ አይገኙም። ሳይፈለፈል ከነሽፋኑ የደረቀው ቡና «ጀንፈል» እንደሚባል የጅማ ገበሬና ነጋዴ ያውቃል፤ «የቡና ዓይነት» ብሎ የሚያልፍ ፍቺ ግን ጀንፈልን ከእሸት ቡና አይለይም። ጠንቃቃ አዘጋጅ ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ ሄዶ፣ ቃሉን ማን፣ የት፣ ስለ የትኛው ደረጃ እንደተናገረው ጽፎ ይይዛል፤ ፍቺውን ካረቀቀ በኋላም ለዚያው ባለሙያ አንብቦለት ያርመዋል።