አሜሪካዊነት፦ ሰነዱና ከሰነዱ ውጭ የቀሩት

አሜሪካዊነት በዘር ሐረግ፣ በአንድ ሃይማኖት ወይም በጥንታዊ መንግሥት ላይ የቆመ ማንነት አይደለም፤ ቢያንስ በይፋ የሚነገረው እንዲህ ነው። መሠረቱ ሁለት ሰነዶች ናቸው፦ ጁላይ 4 ቀን 1776 ፊላደልፊያ ላይ የጸደቀው የነፃነት አዋጅና እዚያው ከተማ በ1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥት (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አዋጁ «ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው ተፈጥረዋል» ይላል፤ ሕገ መንግሥቱ «እኛ የዩናይትድ ስቴትስ ሕዝብ» ብሎ ይጀምራል። እነዚህ ቃላት እነማንን ያቅፋሉ የሚለው ሙግት በአደባባይም በጦር ሜዳም ተካሂዷል፤ አሜሪካዊ ማን እንደሆነ ግን ደጋግሞ የተወሰነው በችሎት ነው።

የመሥራቾቹ ቅራኔ

የአዋጁ ዋና ጸሐፊ ቶማስ ጄፈርሰን በሕይወት ዘመኑ ከ600 የሚበልጡ ሰዎችን በባርነት ይዟል። በረቂቁ ላይ የእንግሊዝን ንጉሥ በባሪያ ንግድ የሚወነጅል አንቀጽ አስገብቶ ነበር፤ ጉባኤው ሰረዘው። ሕገ መንግሥቱም «ባሪያ» የሚለውን ቃል አንድ ቦታ እንኳ ሳያነሳ ለባርነት ከለላ ሰጠ። የምክር ቤት መቀመጫ ሲደለደል በባርነት ያሉ አምስት ሰዎች እንደ ሦስት እንዲቆጠሩ፣ ኮንግረስ እስከ 1808 ድረስ የባሪያ ንግድን እንዳይከለክል፣ የኮበለለም ተይዞ ለጌታው እንዲመለስ ደነገገ። ቃሉን መሸሻቸው ምን እያደረጉ እንደነበር ጠንቅቀው ማወቃቸውን ያሳያል።

የባርነት ተቃዋሚዎች በዚህ ሰነድ ላይ ለሁለት ተከፈሉ። ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን በ1854 የነፃነት ቀን ዕለት የሕገ መንግሥቱን ቅጂ በሕዝብ ፊት አቃጠለ። ከባርነት አምልጦ የዘመኑ ታላቅ ተናጋሪ ለመሆን የበቃው ፍሬድሪክ ዳግላስ ሌላ መንገድ መረጠ። በ1852 ሮቸስተር ከተማ ላይ ባደረገው ንግግር የጁላይ 4 ቀን በዓል ለባሪያው ምኑ ነው ብሎ አድማጮቹን በኃፍረት አንገት ካስደፋ በኋላ፣ ሕገ መንግሥቱ በወጉ ከተነበበ የነፃነት ሰነድ ነው አለ። ከእሱ በኋላ የመጡት ተገፊዎች አብዛኞቹ የተከተሉት የዳግላስን መንገድ ነው፤ የከለከላቸውን አገር በራሱ ቃል ሞገቱት። በ1848 ሴኔካ ፎልስ ላይ የተሰበሰቡት ሴቶችም የአዋጁን ዓረፍተ ነገር ወስደው «ወንዶችና ሴቶች ሁሉ» ብለው ነበር። የምርጫ መብታቸው በሕገ መንግሥት የተረጋገጠው በ1920 ነው።

በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነፃነቱን ለማግኘት በተሟገተው ባሪያ በድሬድ ስኮት ጉዳይ የአፍሪካ ተወላጅ፣ ነፃ የወጣ እንኳ ቢሆን፣ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። ፍርዱን የሻረው ከ600 ሺህ በላይ ወታደሮች ያለቁበት የእርስ በርስ ጦርነትና እሱን ተከትለው የመጡት የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ናቸው። ከእነሱ መካከል በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ በአገሪቱ ምድር የተወለደ፣ ለሕጓም ተገዢ የሆነ ሁሉ ዜጋ ነው ይላል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ከጉዞ ሲመለስ እንዳይገባ ቢከለከል በዚሁ አንቀጽ ተሟግቶ በ1898 ረታ። ክርክሩ ግን አልተዘጋም፤ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በጥር 2025 የትውልድ ዜግነትን የሚያጠብ ትእዛዝ በመፈረማቸው ጉዳዩ እንደገና ፍርድ ቤት ገብቷል።

ነጭ ማን ነው?

ከውጭ መጥቶ ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው ሕጉ ከመጀመሪያውም ዘር ይጠይቅ ነበር። የ1790 አዋጅ ይህን ዕድል የሰጠው «ነፃ ለሆነ ነጭ» ብቻ ነው። በ1870 የአፍሪካ ተወላጆች ሲጨመሩ እስያውያን መሐል ላይ ቀሩ። ስለዚህ ዜግነት የፈለገ እስያዊ ነጭነቱን በፍርድ ቤት ማስረዳት ነበረበት።

ጃፓን የተወለደው ታካኦ ኦዛዋ በካሊፎርኒያ ተምሯል፣ ቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ ይናገራል፣ ልጆቹን የሚልከው አሜሪካውያን ወዳሉበት ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1922 ፍርድ ቤቱ ምግባሩን አልነቀፈም፤ ነጭ ማለት የካውካሲያን ዘር ስለሆነ አይገባህም አለው። ሦስት ወር ሳይሞላ ባጋት ሲንግ ቲንድ ቀረበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን የጦር ሠራዊት ልብስ የለበሰ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ሕንዳዊ ነው። የዘመኑ የዘር ምሁራን የሰሜን ሕንድን ሰው ከካውካሲያን ይመድቡ ስለነበር፣ በእናንተው መስፈርት አልፌያለሁ አለ። ፍርድ ቤቱ መስፈርቱን ቀየረ፤ ወሳኙ የሳይንስ ምደባ ሳይሆን ተራው ሰው ነጭ ብሎ የሚያውቀው ነው አለና አሰናበተው። ቀደም ብለው ዜግነት ያገኙ ሕንዳውያን ሳይቀሩ ተነጠቁ። ሁለቱንም ፍርዶች የጻፉት ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ ራሳቸው እንግሊዝ አገር የተወለዱ ነበሩ። የዘር ገደቡ ሙሉ በሙሉ የተነሳው በ1952 ነው።

የ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ ኮታ አበጀ። በዓመት ለጀርመን ከ51 ሺህ በላይ ሰው ሲፈቀድ ለኢትዮጵያ የተመደበላት 100 ነበር። በዚያው ዓመት የምድሪቱ ነባር ሕዝቦች በሙሉ ዜጋ እንዲሆኑ ተወሰነ። ሰፋሪዎች ከመምጣታቸው በፊት የነበሩት ይህን ያህል ዘግይተው መግባታቸው ነው! በ1830ዎቹ ቸሮኪዎች በግዳጅ ከርስታቸው ተነቅለው ወደ ምዕራብ ሲነዱ በሺዎች የሚቆጠሩ በመንገድ አልቀዋል፤ አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ ነባሮቹን ከምርጫ ሲያገሉ የኖሩትም እስከ 1948 ነው። በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ ጃፓናውያንና የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ አሜሪካ የተወለዱ፣ በካምፕ ታጎሩ። መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ለተረፉት ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላር ካሳ ለመክፈል የወሰነው በ1988 ነው።

ባንዲራ፣ ቃል ኪዳንና ቼክ

የተጻፈ ሰነድ ብቻውን ሰውን አያስተሳስርምና ሥርዓትም ተበጅቷል። ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማው የሚገቡትን የታማኝነት ቃል በ1892 የጻፈው ፍራንሲስ ቤላሚ የባፕቲስት ሰባኪ የነበረ ሶሻሊስት ነው፤ «ከእግዚአብሔር በታች» የሚለው ሐረግ የገባው በ1954 በቀዝቃዛው ጦርነት ወቅት ነው። የይሖዋ ምሥክሮች ልጆች ቃሉን አንልም ብለው ከትምህርት ቤት በመባረራቸው ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1940 ፈርዶባቸው በ1943፣ በጦርነቱ መሐል፣ ሐሳቡን ለውጦ ማንም በግድ አይማልም አለ። በእኔ ግምት ይህ አገሪቱ ከራሷ መርህ ጋር ከተስማማችባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ነው።

ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 ዋሽንግተን ላይ ሲናገሩ የመሥራቾቹን ቃል እንደ ዕዳ ሰነድ ቆጠሩት፤ ለጥቁሩ ሕዝብ የተሰጠው ግን በእኛ አነጋገር ደረቅ ቼክ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የመምረጥ መብት ሕግ ወጣ፤ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሕጉን ዋና የቁጥጥር አንቀጽ ሥራ አስፈታው። «የአሜሪካ ሕልም» የሚባለው ቤትና ጥሪትም እንዲሁ ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የመንግሥት ዋስትና ያለው የቤት ብድር ነጮችን የቤት ባለቤት ሲያደርግ የጥቁር ሰፈሮችን በካርታ ለይቶ አገለለ። በ1968 የቤት መድልዎ በሕግ ቢከለከልም የሀብት ልዩነቱ እስከ ዛሬ አለ።

ከኢትዮጵያ የሄዱት

የኮታውን ሥርዓት የ1965ቱ ሕግ አስቀረው። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ደርግን ለሸሹት፣ ቀጥሎ የመጣው ዲቪ ለሌሎች ሺዎች በር ከፈተ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የኢትዮጵያውያን ዋና መኖሪያ ሆኑ፤ ሎስ አንጀለስም በ2002 ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ላለው ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚል ስም ሰጠች። እዚያ የተወለዱት ልጆች በትምህርት ቤትም በፖሊስ ፊትም የሚታዩት በመጀመሪያ እንደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ይህን ወላጆች ዘግይተው የሚረዱት፣ አንዳንዴም ሊቀበሉት የሚቸገሩበት ጉዳይ ነው። ዜግነት የሚወስድ ሰው ለሌላ መንግሥት ያለውን ታማኝነት እንደሚተው ይምላል። የኢትዮጵያ ሕግም ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ፣ የማለው ሰው አዲስ አበባ ሲገባ የሚይዘው የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ነው፤ በእሱም መኖርና መሥራት ይችላል፣ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም።